የፊት ገጹ ሦስተኛ ሳጥን

ያቺ የአንድ መስመር መልእክት ለሰባተኛ ጊዜ ስትመጣ፣ ወንፊት የምሳ ሰዓቷን ገና መጀመሯ ነበር።

«ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከአውቶቡስ ጋራዡ ጀርባ። የመጋዘን ሰዎች ይምጡ።»

ይኸው ነው። የቱ ቅዳሜ? የትኛው ጋራዥ? ማን ነው የሚጠራው? ምንም የለም። ወንፊት በረጅሙ ተነፈሰችና ለሰባተኛ ጊዜ ያንኑ መልስ ላከች፦ «ስለላኩልን እናመሰግናለን። ማመልከቻዎ ስላልተሟላ ልንቀበለው አልቻልንም። እባክዎ የዝግጅቱን ድረ ገጽ አድራሻ ጨምረው በድጋሚ ይላኩ።»

«ይኼ ሰውዬ እያሾፈብኝ ነው!» አለች ጮክ ብላ። መጋዘኑ ውስጥ ከመድኃኒት ካርቶኖችና ከሚያጉረመርም ማቀዝቀዣ በቀር የሚሰማት አልነበረም።

ወንፊት እናትና አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም። ሴትዮዋ ፋርማሲስት ናት፤ የአንድ ትልቅ ሆስፒታል የመድኃኒት መጋዘን ኃላፊ። የመጋዘኑ ዕቃ የሚመዘገብበት ሶፍትዌር ነፃ ነው። የፈለገ ያወርደዋል፤ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ የቻለ ከፍቶ ያሻሽለዋል፤ ያልቻለ ደግሞ የቻሉትን ይጠይቃል። ባለቤቱ ኩባንያ ሳይሆን በየአገሩ የተበተነ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ነው። እሷ ኮድ መጻፍ አትችልም። ግን ሶፍትዌሩ ከስንት የወረቀት ክምር ስላዳናት ውለታ ልመልስ ብላ «ምን ላግዝ?» ስትል ጠየቀች። ይህን ጥያቄ ለበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ማቅረብ አደጋ እንዳለው የገባት ዘግይቶ ነው። ጥያቄዋን ሳትጨርስ የዝግጅቶችን ገጽ አሸከሟት።

የማኅበሩ ድረ ገጽ ሲከፈት አናቱ ላይ ሦስት ሳጥኖች ይታያሉ። በየአካባቢው ተጠቃሚዎች ከሚያዘጋጁት ስብሰባ፣ ሥልጠናና ውይይት መካከል በወሩ የተመረጡት ሦስቱ እዚያ ይገባሉ። ሳጥን የደረሰው አዘጋጅ ሰው ይጎርፍለታል። ያልደረሰው ወደ ረጅሙ ዝርዝር ይወርዳል። ወደዚያ ዝርዝር ደግሞ ከአዘጋጁና ከአዘጋጁ እናት በቀር ወርዶ የሚያይ የለም። በወር አርባ፣ አንዳንዴም ሃምሳ ማመልከቻ ይመጣል። አንዱ የልጁን ልደት ይልካል። አንዱ «ዓለም አቀፍ ጉባኤ» ብሎ ይጽፍና ሲጣራ ሦስት ጓደኛሞች በስልክ የሚያወሩት ወሬ ሆኖ ይገኛል። አንዷ ማስታወቂያውን ፎቶ አንሥታ ስትልክ ቀኑን ቆርጣ ትጥለዋለች፤ ቀኑን ስትጠየቅ ደግሞ ትቆጣለች። ይህን ሁሉ የምታጣራው እሷ ስለሆነች ጓደኞቿ ወንፊት አሏት። ስሙን ሲያወጡላት በፍቅር ነበር። አሁን አሁን ግን ዝግጅቱ የተመለሰበት ሁሉ ጥርሱን ነክሶ ነው የሚጠራት።

ደንቡንም የጻፈችው ራሷ ናት። ዝግጅቱ በአብዛኛው ስለ ሶፍትዌሩ መሆን አለበት፤ ለማንም ክፍት መሆን አለበት፤ ዕቃ መሸጫ መሆን የለበትም፤ ከሦስት ሳምንት በፊት መላክ አለበት፤ ቀኑን፣ ቦታውንና አዘጋጁን የሚገልጽ የራሱ ድረ ገጽም ሊኖረው ይገባል። የመጨረሻዋን ያስጻፈቻት የፍራሽ ነገር ናት። ደንብ ሳይኖር በፊት «ታላቅ የተጠቃሚዎች ስብሰባ» የሚል ማመልከቻ መጣ። ወንፊት የዋህ ነበረችና ሳጥን ሰጠችው። ሰዎች ግማሽ ቀን በአውቶቡስ ተጉዘው ሲደርሱ ፍራሽ የሚሸጥ ሰውዬ «ተኝታችሁ ሞክሩት» እያለ ጠበቃቸው። የተጉላሉት ሰዎች ለአንድ ወር ሙሉ ስድብ ላኩላት። ከዚያን ቀን ወዲህ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው ደንቧን ጨብጣ ቀረች።

ያቺ መልእክት ለሰባተኛ ጊዜ በመጣች በማግስቱ ታላቅ ወንድሟ ደወለ። ወንድሟ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ አለው፤ አንዴ አፉን ከከፈተ ድንጋይ ያሳምናል።

«እህትዬ፣ የላክሁልሽን አየሽው?»

«አየሁት፣ ወንድም ጋሼ።»

«እና የትኛው ሳጥን ነው የኔ?»

«የትኛውም። ‹ታላቅ የነፃ ሶፍትዌር ቀን› ብለህ ከጠዋት እስከ ማታ ዘርዝረሃል። ስለ እኛ ሶፍትዌር የሚወራው ሃያ ደቂቃ ነው። እሱም ምሳ ሊደርስ ሲል፣ ሰው ሁሉ በር በር በሚያይበት ሰዓት።»

«ሃያ ደቂቃ ትንሽ ነው?»

«የቀረው ሰባት ሰዓት ለማሠልጠኛህ ተማሪ መመዝገቢያ ነው።»

«ምዝገባ የሚል ቃል የት አየሽ? ‹የዕድል መድረክ› ነው ያልኩት!»

«ወንድም ጋሼ፣ ስሙን ስላሳመርከው ነገሩ አይለወጥም።»

ስልኩን ዘጋ። ወንፊት አልተደነቀችም። ከዚህ በኋላ ምን እንደሚመጣ ታውቀዋለችና ሰዓቷን አየች። አሥራ አንድ ደቂቃ አልሞላም፤ እናቷ ደወሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ወንድምሽ ምን በድሎሽ ነው ሳጥን የነፈግሽው?»

«እማዬ፣ እንደምትይው አይደለም።»

«ሦስት አሏት አለኝ እኮ።»

«የኔ አይደሉም፤ የማኅበሩ ናቸው።»

«ማኅበሩ ደሞዝ ይከፍልሻል?»

«አይከፍለኝም።»

«ሳይከፍሉሽ ለምታገለግያቸው ባዳዎች ስትሰጪ፣ በአንድ ማሕፀን ያደረ ወንድምሽ አንዱ ይቅርበት? እሱ እኮ አንቺን አዝሎ ትምህርት ቤት ያደረሰ ልጅ ነው!»

«አንድ ቀን ነው ያዘለኝ፣ እማዬ። እግሬ ተሰብሮ።»

«እና እግርሽ የተሰበረው አንድ ቀን አይደል እንዴ!»

ወንፊት «እሺ፣ ቅዳሜ መጥቼ እናወራለን» ብላ ተሰናበተች። ደሟ ፈልቷል። ወደ ሥራዋ ልትመለስ ኮምፒውተሩን ስትነካው ስምንተኛዋ መልእክት መጥታ ጠበቀቻት። ይቺኛዋ ግን ትንሽ ረዝማለች። «ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከአውቶቡስ ጋራዡ ጀርባ። የመጋዘን ሰዎች ይምጡ። ምን አደረግናችሁ?» ትላለች፤ ከሥሯ የስልክ ቁጥር አለ።

ደወለች። አንዲት ሴት አነሣች።

«የምደውለው ከሶፍትዌሩ ማኅበር ነው፤ ከዝግጅቶች ገጽ።»

«እሰይ! ሰው ናችሁ ለካ!» አለች ሴትዮዋ። «እኔ እኮ ማሽን ነው የሚመልስልኝ ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ሰባት ጊዜ አንድ ቃል ሳይለወጥ!»

«የእናንተም መልእክት አልተለወጠም እኮ። የትኛው ጋራዥ ነው?»

«እንዴ፣ የአሥራ ሁለት ቁጥር አውቶቡስ ማደሪያ ነዋ! ሌላ ጋራዥ አለ እንዴ?»

አሥራ ሁለት ቁጥር ወንፊት ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ እናቷ ቤት የምትሳፈርበት አውቶቡስ ነው። ከዓለም ዳርቻ የሚመጣ የመሰላት መልእክት ከመሥሪያ ቤቷ ሃያ ደቂቃ ከማይርቅ ቦታ ሲላክ ኖሯል። «ቅዳሜ እመጣለሁ» አለች። የምትሄደው ልቧ ፈቅዶ አልነበረም። ደንቡን አንድ በአንድ አስረድታ ከዚህች መልእክት ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ ልትገላገል ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ከአውቶቡሱ ወርዳ በተቆለሉ ጎማዎችና በቆሙ አውቶቡሶች መካከል አልፋ ከጋራዡ ጀርባ ደረሰች። ክፍሉ የመለዋወጫ ዕቃ መጋዘን ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ ቆሟል፤ እያንዳንዱ መደርደሪያ በነጭ ቀለም ቁጥር ተጽፎበታል። መሃል ላይ አንድ ሰፊ የብረት ጠረጴዛ አለ። አሥራ ሁለት የሚሆኑ ሰዎች በወንበር፣ በባልዲና በጎማ ላይ ተቀምጠው ከበውታል። ጠረጴዛው ራስ ላይ ግራጫ ካፖርት የለበሱ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሽማግሌ አሮጌ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠዋል። የጋራዡ ሰው ሁሉ ጋሼ ብሎን ይላቸዋል። በመጋዘኑ ውስጥ ያለውን ብሎን በመጠኑም በቁጥሩም በቃላቸው ያውቁታል ይባላል።

«ማኅበሩ መጣ!» አለች አንዲት ቀይ ሹራብ የለበሰች ሴት ብድግ ብላ። ድምፅዋን ወንፊት ለየችው። የስልኳ ሴትዮ ናት፤ የአንድ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ሠራተኛ።

ጋሼ ብሎን ቀና አሉ። «አንቺ ነሽ የከለከልሽን?»

«ከልክዬ አይደለም፣ ጋሼ። ደንብ አለን። ማመልከቻው ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ የአዘጋጁ ስም ያስፈልጋል።»

«ቀኑ ቅዳሜ። ሰዓቱ ከሰዓት በኋላ። አዘጋጁ ማንም አይደለም፤ በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ። ሌላስ?»

«የዝግጅቱ ድረ ገጽ አድራሻም ግድ ነው።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ድረ ገጽ ቢኖረኝማ የእናንተን ምን ብዬ እለምናለሁ?»

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። ወንፊት የፍራሹን ታሪክ ልታስረዳ አፏን ከፈተችና ተወችው። በእነዚህ ሁሉ ጎማዎች መካከል ቆሞ ስለ ፍራሽ ማውራት እንዴት ይጀመራል?

«ተቀመጪ» አሏት ጋሼ ብሎን። «የቆመ ሰው ዓይኔን ይሻማኛል።»

አንድ ባልዲ ተገልብጦ ተሰጣትና ተቀመጠች። አሥር ደቂቃ ቆይታ ልትነሣ ነበር ሐሳቧ። ሰዎቹ ተራ በተራ ችግራቸውን ያወጣሉ። የክሊኒኩ ዕቃ ግምጃ ቤት ሰውዬ አንድ ዓይነት ጓንት ሁለት ቦታ ተመዝግቦበታል። የማተሚያ ቤቷ ልጅ ወረቀት በጥቅል ገብቶ በሉህ ስለሚወጣ ቁጥሩ አልገጥም ብሏታል። ወንፊት ጆሮዋን አቆመች። ይኼ የራሷም ችግር ነው። ክኒን በካርቶን ይገባል፣ በፍሬ ይወጣል። ሦስት ዓመት ሙሉ በየወሩ መጨረሻ በሒሳብ ማሽን እየደመረች እየቀነሰች ዓይኗ እስኪቀላ ስታስታርቀው ኖራለች።

«ይቺን ተጫኚ» አሉ ጋሼ ብሎን፣ በቅባት የጠቆረ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ ሳያስነኩ። «ከታች ‹መለኪያ› የምትል አለች። አንድ ጥቅል ስንት ሉህ ነው? አምስት መቶ። ንገሪያት። አንዴ ብቻ ነው የምትነግሪያት፤ ከዚያ በኋላ ራሷ ታስባለች።»

የማተሚያ ቤቷ ልጅ ተጫነች። ቁጥሩ ገጠመ።

«ይኼ ነገር ድሮም ነበረ?» አለች ወንፊት፣ ድምፅዋ ወደ ውስጥ ገብቶ።

«ከመጀመሪያውም ነበረ። አንቺ የማኅበሩ ሰው አይደለሽ እንዴ?»

ዳግመኛ ተሳቀ። ወንፊት መሬት ተከፍቶ ቢውጣት ደስ ባላት። ከዚያች ባልዲ ላይ የተነሣችው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። እናቷ ቤት ስትደርስ መሽቷል፤ ስለ ሳጥኑ የሚነሣው ክርክር ለሌላ ቀን ተላለፈ። በር ድረስ የሸኘቻት ባለ ቀይ ሹራቧ ሴት የነገረቻት ነገር ግን መንገዱን ሙሉ ከጆሮዋ አልጠፋም። «እኔ ዕቃ አጎደልሽ ተብዬ ስብሰባ ፊት የቆምኩ ሰው ነኝ። ዕቃው አልጎደለም ነበር፤ አመዘጋገቡን አለማወቄ ነው። እኚህ ሽማግሌ ባያስተምሩኝ ኖሮ ስሜ ጠፍቶ ይቀር ነበር። እንደኔ ያለ ስንቱ አለ መሰለሽ?»

በማግስቱ እሑድ ጠዋት የማኅበሩ ኮሚቴ በቪዲዮ ተሰበሰበ። ወንፊት ነገሩን ዘርዝራ አስረዳች። ደንባችን ድረ ገጽ የሌለውን ሰው ያስቀራል፣ ድረ ገጽ የሌለው ሰው ደግሞ የኛን ገጽ ከማንም በላይ የሚፈልገው ነው፤ ስለዚህ ደንቡ ይስተካከል፣ አለች። ለእሷ የአምስት ደቂቃ ጉዳይ ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ ላንሣ» አለ ሰብሳቢው። ሰብሳቢው ሲጀምር ሁልጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ድረ ገጽ ከሌለ በምን እናረጋግጣለን?»

«ሄጄ አይቼዋለሁ እኮ! ባልዲ ላይ ተቀምጬ!»

«አንቺ አየሽ። ግን ሥርዓት ሲሠራ ሁሉም ቦታ ሄዶ ማየት ይቻላል?»

የመመሪያ መጽሐፉን የምታዘጋጀው ሴት እጇን አወጣች። «እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። በየሳምንቱ ቅዳሜ የሚደረግ ነገር ዝግጅት ይባላል ወይስ ልማድ? ልማድ ከሆነ የዝግጅቶች ገጽ ላይ ምን ይሠራል?»

በዚህች ጥያቄ አርባ ደቂቃ ሄደ። አንዱ ልማድም ዝግጅት ነው አለ። አንዱ ዝግጅት መጨረሻ ሊኖረው ይገባል ብሎ ተከራከረ። አንዱ ድምፁን ሳይከፍት አሥር ደቂቃ አፉን ሲያንቀሳቅስ ቆየና፣ ሲነገረው ከመጀመሪያው ደገመው። የገጹን ኮድ የሚጽፈው ሰው ደግሞ የድረ ገጹ ሥፍራ ባዶ ከሆነ ቅጹ አልቀበልም እንደሚል፣ ያንን ማስተካከል ቢያንስ ሁለት ሳምንት እንደሚፈጅ አስታወቀ። ወንፊት የራሷን ፊት ስክሪኑ ጥግ ላይ አየችው። ኮምጣጤ የጠጣ ሰው ፊት ነው። በመጨረሻ «ዝግጅት ማለት ምን ማለት ነው?» የሚለውን አጥንቶ የሚያቀርብ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢዋ እንድትሆን በሙሉ ድምፅ የተመረጠችው ወንፊት ናት።

ውሃ ወቀጣ ነው፣ አለች በልቧ። ሰኞ ዕለት በምሳ ሰዓቷ ገጹን ከፍታ ሦስተኛው ሳጥን ላይ በራሷ እጅ ጻፈች፦ «የመጋዘን ሠራተኞች ቅዳሜ። ዕቃ መመዝገብ ለሚያስቸግራችሁ ሁሉ። የአሥራ ሁለት ቁጥር አውቶቡስ ማደሪያ ጀርባ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ።» ቅጹ ያለ ድረ ገጽ አድራሻ አልቀበልም ሲላት የማኅበሩን የራሱን አድራሻ ሰጠችው። የተጫነው ሰው ዞሮ ዞሮ እዚያው ገጽ ላይ ይመለሳል፤ አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኼ ነው። የሦስት ሳምንቱንም ደንብ ዘለለችው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ትንሽ ቀለል ያላት መሰላት። አንድ ነገር ግን ረስታ ነበር፤ ጋሼ ብሎንን አልጠየቀችም።

ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ከአውቶቡሱ ስትወርድ የጋራዡን በር ማየት አልቻለችም። ሰው ሞልቷል። ሳጥኑን ያየ አንድ ሰው ፎቶ አንሥቶ በከተማው የንብረት ክፍል ሠራተኞች የስልክ ቡድን ውስጥ ለቆት ኖሯል። ዘጠና ሰው ይሆናል፣ ኮምፒውተሩን ያቀፈ፣ መዝገቡን የተሸከመ። ሁለት አውቶቡሶች መውጫ አጥተው ጥሩምባቸውን ያንባርቃሉ። የጋራዡ ጥበቃ «ወደ ጎን! ወደ ጎን!» እያለ ድምፁ ተዘግቷል። ጋሼ ብሎን የመጋዘናቸውን በር በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። ወንፊትን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«አንቺ ሴትዮ!» አሉ። «ሰባት ጊዜ ሰው እንዳይመጣልን ከለከልሽ። አሁን ደግሞ አገሩን በሙሉ ላክሽብን! አንቺ ዘንድ መካከለኛ የሚባል ነገር የለም?»

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እኔ...»

«ይኼ የመንግሥት ንብረት ያለበት ክፍል ነው! አንድ ብሎን ብትጠፋ የምጠየቀው እኔ ነኝ። መቼ መቶ ሰው ይምጣ አልኩ? አምስት ስድስት ሰው ቢጨመር ብዬ ነው!»

እውነታቸውን ነው። ያን ጊዜ ከሰዉ መካከል አንድ የምታውቀው ድምፅ ከፍ ብሎ ተሰማ። «ወንድሞቼ፣ እህቶቼ! እባካችሁ መንገዱን ለአውቶቡሶቹ እንልቀቅ! በግራ በኩል ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተሰለፉ!» ታላቅ ወንድሟ ነው። ከአንድ የድንጋይ ደረጃ ላይ ቆሟል፤ በአንድ እጁ ሰዉን ያስተናግዳል፣ በሌላው የማሠልጠኛውን በራሪ ወረቀት ይዟል።

«ወንድም ጋሼ! እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ለኔ የከለከልሽው ሳጥን ለማን እንደደረሰ ላይ ነዋ የመጣሁት» አለ። ከዚያ ዝቅ ብሎ በጆሮዋ «ማሠልጠኛዬ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። አርባ ወንበርና አርባ ኮምፒውተር አለኝ፤ ዛሬ ባዶ ነው። ልውሰዳቸው?» አላት።

ከሁሉም ያንገበገባት ይኼ ነው። እምቢ ማለት ፈለገች። ሁለቱን አውቶቡሶች አየች፤ የጋሼ ብሎንን ፊት አየች። «ውሰዳቸው» አለች። «ግን ስለ ምዝገባ አንዲት ቃል ብትተነፍስ!»

«እኔ? ምን በወጣኝ!» አለና ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ጋሼ ብሎን ግን መጋዘናቸውን ትተው ንቅንቅ አልል አሉ። ቢለመኑ፣ ቢለመኑ፣ «ዕቃዬን ጥዬ የትም አልሄድም» ነው መልሳቸው። ታዲያ አርባውን ሰው ማን ያስተምር? ሁሉም ዓይኑን ባለ ቀይ ሹራቧ ላይ ጣለ። «እኔ እንኳን ላስተምር ገና ተማሪ ነኝ» ብላ እጇን አርገበገበች። ሽማግሌው ቆጣ አሉና «የነገርኩሽን ንገሪያቸው። የማታውቂውን አላውቅም በይ። ሂጂ!» አሏት። ሄደች። ወንፊትም እንዳትደናገጥባት አብራት ሄደች። ሴትዮዋ መጀመሪያ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ላይ ሳታነሣ ጀመረች። ካርቶንና ፍሬው ጋ ስትደርስ ግን ራሷን ረሳች። «ንገሯት፤ ራሷ ታስባለች» ስትል አንድ ጢማም ሰውዬ ከኋላ «ኧረ ገጠመልኝ!» ብሎ ጮኸ። የቀረው ሰው ቀጠሮ ይዞ ተበተነ። ወንድሟ ቃሉን ጠበቀ፤ ማለት፣ እስከ መጨረሻው ግማሽ ሰዓት ድረስ። ከዚያ በሩ ላይ ቆሞ ወጪውን ሁሉ በወረቀት ሸኘ። ወንፊት አይታ እንዳላየች ሆነች። ለመቆጣትም አቅም ይጠይቃል።

ማምሻውን ጋሼ ብሎን በራሳቸው ስልክ ደወሉ። አንድ ቃል ነው የተናገሩት፦ «አውርጂን።» እሷም ወዲያው ከሳጥኑ አወረደቻቸው።

እሑድ ኮሚቴው ተሰበሰበ። የመመሪያ መጽሐፏ ሴት ሁለት ደንቦች እንደተጣሱ በዝርዝር አቀረበች። ወንፊት አልካደችም። «ጥፋተኛ ነኝ» አለች። «ደንብ በመጣሴ ያን ያህል አልጸጸትም። ሰውዬውን ሳልጠይቅ ቤቱን ለሕዝብ መክፈቴ ግን ስሕተት ነው። ስለዚህ ገጹን የሚረከበኝ ሰው ይመረጥ።»

ሰብሳቢው አንድ ነገር ብቻ እንኳ አላለም። አንዱ ቪዲዮውን አጠፋ። አንዱ በር እየተንኳኳበት እንደሆነ ተናገረና ጠፋ። ኮድ ጸሐፊው ጉሮሮውን ጠረገና «ያ... የሁለት ሳምንት ሥራ ያልኩት ነገር» አለ፣ «ዛሬ ማታ ልሠራው እችላለሁ።» አሁን የምትችለውን ባለፈው እሑድ ምን ይዞህ ነበር ልትለው ፈልጋ ዋጠችው።

በዚያው ስብሰባ ደንቡ ተለወጠ። ድረ ገጽ ግዴታ መሆኑ ቀረ። በምትኩ ለሳጥን የታጨ ዝግጅት ሁሉ፣ ከመውጣቱ በፊት አዘጋጁ በስልክ እንዲጠየቅ፣ ሰው ቢበዛበት ምን እንደሚያደርግ እንዲነጋገሩ ተወሰነ። ደዋይዋ ማን ትሁን ሲባል፣ ዝም የማለቱ ተራ የወንፊት ነበር፤ ዝምታዋን ግን ማንም አልተቀበለላትም፤ ገጹም ስልኩም እሷው ላይ ቀረ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለ ቀይ ሹራቧ ሴት የራሷን ማመልከቻ ላከች። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ ለንብረት ክፍል ሠራተኞች ታስተምራለች፤ ቦታው የወንፊት ወንድም ማሠልጠኛ ነው። ማመልከቻው ሁሉ ነገር የተሟላለት ነው፤ አንድ እንከን አይወጣለትም። ወንፊት ራሷን ያዘች። ብትመርጠው ለወንድሟ አደላች ይባላል፤ ብትጥለው ሴትዮዋን በደለች። «የቤተሰብ ጉዳይ ስላለበት እጄን አላስገባም» ብላ ለሰብሳቢው አስተላለፈችው። ሰብሳቢውም ለመመሪያ መጽሐፏ ሴት አሳለፈው። እሷ ሐሙስ ሐሙስ የሚደረግ ነገር ልማድ መሆኑን አስታውሳ ጀመረች፤ በስተመጨረሻ ግን ሁለተኛው ሳጥን ውስጥ አስገባችው። የወንፊት እናት በሰሙ ጊዜ ደውለው «አየሽ፣ ድሮም ብትሰጪው ምን ነበረበት?» አሉ። ወንፊት «ምንም፣ እማዬ» አለች። የሚሻለው እሱ ነው።

የሚቀጥለው ወር ዝርዝር ሲመጣ የመጀመሪያውን ስልክ ደወለች። ራቅ ያለች ትንሽ ከተማ ውስጥ ያለ፣ ለአራት ጤና ጣቢያዎች ሥልጠና ለመስጠት ያሰበ ነርስ ነው።

«ማን ነሽ አልሽኝ?» አለ። ከኋላው ሕፃን ያለቅሳል።

ከመጀመሪያው አስረዳችው። ከዚያ «ሰው ቢበዛብህስ?» ብላ ጠየቀችው።

«ስንት ሊመጣ ይችላል?»

«እኔም አላውቅም። አሥርም ሊሆን ይችላል፣ መቶም።»

«መቶ!» አለ። «አንዴ ቆዪኝ፣ ባለቤቴን ልጠይቃት።»

ስልኩን የሆነ ቦታ አስቀመጠው። ባልና ሚስት ሲነጋገሩ ከሩቅ ይሰማታል። ግቢው ይበቃል፣ አይበቃም፤ ጎረቤት ምን ይላል፤ ዝናብ ቢመጣስ። በዚህ መሃል የመድኃኒት አቅራቢው ሹፌር ስድስት ካርቶን በጋሪ እየገፋ ገባና «ፈርሚልኝ እንጂ፣ መኪናዬን በሰው በር ላይ ነው ያቆምኩት» አላት። በእጇ «ጠብቅ» አለችው። እሱም በእጁ «ኧረ በፈጠረሽ» አላት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስልኩን ያነሣችው ሚስትየው ናት።

«እህቴ፣ ተነጋግረናል» አለች። «መቶም ይምጣ፣ እንችለዋለን። ግን በአንድ ቀን አይሁን፤ ለሁለት ቅዳሜ ክፈይልን።»

ወንፊት ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ በአንድ እጇ ለሹፌሩ ፈረመችለት፤ በሌላው ሁለቱን ቅዳሜዎች ጻፈች።